አላስፈላጊ ፕላስቲክ ምንድን ነው?

በጾም ቀን በየዓይነቱ አዝዤ ወደ ቤት ወሰድሁ። ጠረጴዛ ላይ ሳራግፈው መጀመሪያ የወጣው ትልቅ ፌስታል ነው። በውስጡ ነጭ የአረፋ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ እንጀራው በሌላ ስስ ፌስታል ተጠቅልሏል፤ ሽሮውና ምስሩ በየራሳቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጠዋል። ከሥር በፕላስቲክ የታሸጉ ሹካና ማንኪያ ነበሩ። እኛ ቤት እንጀራ በሹካ የሚበላ ሰው የለም። ሹካው ከእሽጉ እንኳ ሳይወጣ ቆሻሻ ሆነ።

አላስፈላጊ ፕላስቲክ የሚባለው ይህ ነው፦ ቢቀር ምግቡም ተመጋቢውም ምንም የማይጎድልባቸው ፕላስቲክ።

ቃሉ ፕላስቲክን ሁሉ አይኮንንም። ጀሪካን የእናቶቻችንን ጀርባ ከእንስራ ክብደት አሳርፏል፤ ለዓመታት ስለሚያገለግልም ማንም አላስፈላጊ አይለውም። ሽሮም ፈሳሽ ነውና ክዳን ያለው ዕቃ ይፈልጋል። ጥያቄው ያ ዕቃ ለሃያ ደቂቃ መንገድ ተሠርቶ የሚጣል መሆን አለበት ወይ የሚለው ነው። ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ፕላስቲክ ይፋ ባደረገው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ውስጥ ከተቀመጡት መለኪያዎች አንዱም ይኸው ነው፤ አገልግሎቱ ሳይጓደል ሊቀር ወይም ደጋግሞ በሚያገለግል ዕቃ ሊተካ የሚችል ማሸጊያ ይቅር ይላል። ሌላው መለኪያ ዕቃው መንገድ ላይ የመጣል ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል።

በዚህ መለኪያ እንደ አረፋው ሣጥን የሚወድቅ የለም። የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን አብዛኛው አካሉ አየር ነው። ነፋስ በቀላሉ ያነሣዋል፤ ሲሰበር ደግሞ ተለቅመው የማያልቁ ነጫጭ ፍሬዎች ይሆናል። ቁራሌው የሃይላንድ ጠርሙስ ይገዛል፤ በወጥ የተነከረ ሣጥን ግን አይነካም። የሚገዛው የሌለ ዕቃ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ማረፊያው ቱቦ ወይም ቆሼ ነው። ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱበት ቦታ ነው። የተናደው በአንድ ሹካ አይደለም፤ ያ ክምር ግን ሁላችንም ከቤታችን ያወጣነው ነው። በክረምት ቱቦ ሲደፈን ጎርፉ ወደ ቤት ይገባል። ላምና በግም የምግብ ሽታ የያዘውን ፌስታል ይውጡና ሆዳቸው ይታፈናል።

የጤናውም ነገር አለ። ሙቀትና ቅባት ከፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚያልፈውን ኬሚካል ይጨምራሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ትኩስም ነው፤ ዘይትም አያጣም። ፖሊስታይሪን የሚሠራበትን ስታይሪን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሰው ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ምድብ አስገብቶታል። ከአንድ ሣጥን የሚያልፈው መጠን ጥቂት ነው። ቢሆንም ከምድጃ የወረደ ወጥ በስስ ፌስታል ተቋጥሮ ባየሁ ቁጥር ያሳስበኛል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጣሉ የፕላስቲክ ሹካዎችን፣ ሳህኖችንና የአረፋ ሣጥኖችን ከገበያ አስወጥቷል። ብዙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ያሉባት ዋሽንግተን ዲሲም በ2016 እ.ኤ.አ. የአረፋ ሣጥንን ከልክላለች፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሚጣል ሹካና ማንኪያ የሚሰጠው ደንበኛው ሲጠይቅ ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ይህ ደንብ ነው፤ ሹካ የፈለገ ያገኛል፣ እንጀራ በእጁ የሚበላ ደግሞ ሳይጠይቅ ቆሻሻ አይሸከምም።

በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚሳሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ከስስ ፌስታል አልተላቀቀም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ጠንከር ይላል፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ትኩረቱ ፌስታል ስለሆነ ሹካውና የአረፋው ሣጥን የሚቀሩት ምግብ ቤቱና ደንበኛው ሲነጋገሩ ነው።

ምግብ ይዞ መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አገልግል ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ፣ በቆዳ ተለብጦ፣ እንጀራና ወጥ ይዞ አገር ያቋርጥ ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስም ተጠርጎ ለሚቀጥለው ስንቅ ይሰቀላል። የዛሬው ምትኩ ምሳ ዕቃ ነው። እኔም ባለሦስት ድርቡን ይዤ ወደዚያው ምግብ ቤት ተመለስሁ። አስተናጋጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ሥራ አስኪያጁን ጠርታ አማከረች። በሦስተኛው ቀን ግን ከእጄ ተቀብላ በፈላ ውኃ አለቅልቃ፣ ታችኛውን በሽሮ፣ መካከለኛውን በምስርና በጎመን ሞላችው፤ እንጀራውንም አጥፋ በላይኛው ድርብ ላይ አኖረችልኝ።