ብፅዕና ምንድን ነው?

በጎጃም ገጠር ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት ሲጀምር፣ በመጀመሪያ የሚያነበው ቃል «ብፁዕ» የሚለው ነው። መዝሙረ ዳዊት በግዕዙ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ ይጀምራልና። ልጁ በዚያ ዕድሜው ትርጉሙን ባያውቀውም ቃሉን እያመላለሰ ይለዋል። ሲያድግ ግን ያው ቃል ይበታተንበታል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመዝሙሩ መክፈቻ «ምስጉን ነው» ተብሎ ተተርጉሟል፣ በወንጌሉ ላይ ግን «ብፁዓን» እንዳለ ቀርቷል፣ በዐውደ ምሕረት ደግሞ ቃሉ የሚሰማው ከጳጳሳት ስም በፊት «ብፁዕ አቡነ» በሚለው ማዕርግ ነው። በዚህ የተነሣ ለብዙ ምእመን ብፅዕና የጳጳስ እንጂ የገበሬና የነጋዴ፣ የእናትና የተማሪ ጉዳይ አይመስለውም።

ብፅዕና በአጭሩ ቢፈታ፣ ሰው ራሱን ለእግዚአብሔር በመስጠቱ የሚያገኘው፣ ማግኘትና ማጣት ሲፈራረቁበት የማይናወጥ ደስታ ማለት ነው። ይህን ፍቺ ከራሱ ከቃሉ ማየት ይቻላል። ብፁዕ የወጣበት የግዕዝ ግስ «በፅዐ» ሲሆን፣ ከዚሁ ግስ «ብፅዐት» የሚለው ስም ይገኛል፤ ብፅዐትም ስእለት ማለት ነው። የሳሙኤል እናት ሐና ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ዕድሜውን ሙሉ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ የተሳለችው ብፅዐት ነው፤ የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሌላዋ ሐናም ልጃቸውን ለቤተ መቅደስ የሰጧት በብፅዐት እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ቡሩክ የተባረከ፣ ኅሩይ የተመረጠ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ብፁዕም በአወጣጡ የተሰጠ፣ ለእግዚአብሔር የተለየ የሚለውን ምሥጢር ይዟል። (ዛሬ ብዙዎች በጸሎቱ ጸ ቢጽፉትም ቦታው ፀሐዩ ፀ ነው።) ደስ ያለውን ሰውና ለእግዚአብሔር የተሰጠውን ሰው በአንድ ግስ የሚጠራ ቋንቋ ስለ ደስታ ያለው አሳብ ዛሬ በየአደባባዩ ከሚሰበከው እጅግ የራቀ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ ዛሬ ደስተኛ የሚባለው ያገኘ ሰው ነውና።

ብፅዕናን ከተራ ደስታ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድም ያስቸግራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ በተራራው ላይ ያስተማረውና አባቶች «አንቀጸ ብፁዓን» የሚሉት ክፍል ቃሉን 9 ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ከተጠሩትም መካከል የሚያዝኑ አሉ፣ የሚራቡና የሚጠሙ አሉ፣ የሚሰደዱም አሉ። ብፁዕ ማለት ፊቱ የፈካ፣ ኑሮው የሞላ ሰው ማለት ቢሆን ኖሮ «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው» የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው ይሆን ነበር። ደስታ በመኸር ጊዜ አውድማው ሲሞላ፣ በሠርግ ቀን እልልታው ሲደምቅ የሚመጣ መልካም ነገር ነው፤ በረዶ ማሳውን የመታ ዕለት ግን አብሮ ይሄዳል። ብፅዕና በዚያ ዕለትም ከሰውየው ጋር የሚያድረው ነው።

ብፅዕና ከልግስና ጋር ያለው ዝምድና በግልጥ የሚነበበው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ሲሰናበታቸው፣ በገዛ እጆቹ እየሠራ ለራሱና ከእርሱ ጋር ለነበሩት የሚያስፈልገውን እንዳቀረበ ካስታወሳቸው በኋላ፣ ጌታ ኢየሱስ «ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው» ያለውን እንዲያስቡ ይነግራቸዋል። ይህ የጌታ ቃል በአራቱ ወንጌላት ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ የተረፈልን በዚህ የስንብት ንግግር ብቻ ነው።

ጌታ ቃሉን ከመስጠት ጋር አያይዞ የተናገረበት ሌላው ቦታ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ነው፤ ይህኛው ለጎጃም ገበሬ ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ። ምሳ ወይም እራት በምታደርግበት ጊዜ መልሰው የሚጠሩህን ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችንና አካል ጉዳተኞችን ጥራ ካለ በኋላ፣ «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ» ይላል። በእኛ አገር ወንፈል አለ፤ ዛሬ አንተ የእኔን ማሳ ካረምህልኝ ነገ እኔ የአንተን አርማለሁ፣ ቀኑም ይቆጠራል፣ ሰዉም ይቆጠራል፣ ሳይመልስ የቀረም በመንደሩ ዘንድ ባለ ዕዳ ሆኖ ይታያል። ወንፈል መልካም ሥርዓት ነው፣ ያለ እርሱም ብዙ ማሳ ጦም ያድር ነበር። ነገር ግን ብድር ነው። ጎረቤቱ ተጠራርቶ ባሏ የሞተባትን ሴት ማሳ ለማረስ ወይም የታመመውን ሰው አዝመራ ለመሰብሰብ በወጣ ቀን ግን ቆጠራው ይቀራል፤ እርሷ የምትመልሰው በሬም ጉልበትም የላትምና። የሉቃስ ወንጌል ብፁዕ የሚለው ይህን ሁለተኛውን ቀን ነው።

መልስ የሌለው ስጦታ በጎጃም በሥርዓት ደረጃ የኖረው ግን ለምኖ እየበላ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሚማረው የቆሎ ተማሪ በኩል ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ የመሳሰሉት የቅኔ ጉባኤዎች፣ ማለትም የግዕዝ ቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ ለዘመናት ከየአገሩ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩት በደመወዝና በበጀት አልነበረም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ቀፈፋ፣ ማለትም ምግብ ልመና፣ ይወጣል፤ በየደጁም ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ስለ ማርያም ስሟ ብላችሁ ማለቱ ነው። እመቤቲቱ ከመሶቧ ቁራሽ እንጀራ፣ ከሌላትም እፍኝ ቆሎ ታወጣለች። የልጁን ስም አታውቅም፤ አገሩ ወዲያ ማዶ ይሁን ባሕር ተሻግሮ አትጠይቅም፤ ነገ የሚቆጥረው ቅኔ በግዕዝ ስለሆነ ቢያሰማትም ትርጉሙ አይገባትም። ተምሮ ሲጨርስ ወደ አገሩ ወይም ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ ውለታዋን አይከፍልም። በኢትዮጵያ ሊቅ ተብሎ ከተጠራው ሰው ብዙው ስሟ ባልተጻፈ እንዲህ ባለች ሴት እንጀራ አድጓል፤ የሊቃውንቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር እያለፉት መሄዳቸው ዘወትር ይገርመኛል።

ተማሪው በበኩሉ የሚማረው ቅኔውን ብቻ አይደለም። የባለጠጋ ልጅ ቢሆንም እንኳ ከሰው ደጅ ይቆማል፤ ውሻ ይለቀቅበታል፣ አንዳንዱ ደጅ ላይም «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ያገኘውን ይዞ ሲገባ ከጓደኞቹ ቁራሽ ጋር ቀላቅሎ ይበላል፣ ታሞ ጎጆ ለቀረውም ድርሻ ያስቀምጣል። መቀበልን ያላወቀ ሰው ሲሰጥ የሚያዋርድ መሆኑን ብዙዎቻችን በገዛ ዓይናችን አይተናል፤ ቀፈፋ ይህን ቀድሞ የሚያክም ትምህርት ነበር።

ተቀባዩ የሚመልሰው ቃልም ሊታይ ይገባል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል ዛሬ እንደ ተራ ምስጋና እንቆጥረዋለን፤ የቃሉ አሠራር ግን እኔ የምከፍልህ የለኝምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ የሚል ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 19 «ለድሀ ቸርነትን የሚያደርግ ለእግዚአብሔር ያበድራል» ተብሎ የተጻፈውን ሕዝቡ በየቀኑ አፉ ላይ ያኖረው በዚህ ምስጋና ነው። ከዚህ ተነሥቶ ምጽዋትን እንደ ንግድ የሚያይ ትምህርት ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ብር ስጥ፣ መቶ ሆኖ ይመለስልሃል የሚለው ስብከት ሰጪውን ወደ ወንፈል ቆጠራው ይመልሰዋል፤ ልዩነቱ ባለ ዕዳው እግዚአብሔር መሆኑ ብቻ ነው።

የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 እና 19 ሁለት ባለጠጎችን አቀራርቦ ያሳያል። የመጀመሪያው ትእዛዛቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀ አለቃ ነበረ፤ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ በተባለ ጊዜ ግን እጅግ ባለጠጋ ስለ ነበረ ብዙ አዘነ። ሁለተኛው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ነው፤ ፈጥኖ ከሾላው ወረደ፣ ጌታንም በደስታ ተቀበለው፣ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ደስታው ከስጦታው ቀድሟል። ዘኬዎስ ደስ ይለኝ ብሎ አልሰጠም፣ ደስ ስላለው ሰጠ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና» ይላል፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የእኛ ተረት የሚያወሳው ይህንኑ ነው፤ ፊት ነስቶ የቀረበ ፍትፍት ለበላተኛው እንደማይጥመው ማን ያጣዋል?

ሰው በዚህ መንገድ ማደጉ በምን ይታወቃል ቢባል፣ አማርኛችን አንድ ምልክት ትቶልናል። በተጋድሎ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰን አባት «የበቃ» እንለዋለን፤ መሶቡን ከፍቶ የጠገበ ሰውም «በቃኝ» ይላል። ቃሉ አንድ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ኑሮዬ ይበቃኛል ለሚለው ግን እግዚአብሔርን መምሰል እጅግ ማትረፊያ ነው» ሲል በጻፈው መልእክት የአማርኛ ትርጉም ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይሰማሉ። በቃኝ ማለት የጀመረ ሰው እጁ ይፈታል፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ጊዜ ለመታየት ነው። ዛሬ ለተቸገረ ሰው አንድ ከረጢት ዱቄት ሲያቀብሉ ካሜራ ፊት የሚያቆሙትን ሳይ፣ ምጽዋትህ በስውር እንዲሆን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትእዛዝ የተነገረው ስልክ ሳይፈጠር መሆኑ ያስደንቀኛል።

ይህ ሁሉ ከየት ይጀምራል የሚለውን ደግሞ ዳዊት በ40ኛው መዝሙር መክፈቻ ላይ ተናግሮታል፤ «ብፁዕ ዘይሌቡ ላዕለ ነዳይ ወምስኪን»። አማርኛው «ለችግረኛና ለምስኪን የሚያስብ» ብሎ ተርጉሞታል፤ «ይሌቡ» ግን ልብ ይላል፣ ያስተውላል ማለት ነው። መዝሙሩ ብፁዕ ያለው ገና ምንም ያልሰጠውን፣ ነገር ግን ያየውን ሰው ነው። በነሐሴ የዓምናው እህል ከጎተራ ባለቀበት፣ የዘንድሮውም ገና ባልደረሰበት ወቅት፣ በጎጃም መንደር ማለዳ ከደጇ ወጥታ የየጎረቤቱን ጣራ የምትቃኝ እናት አለች፤ ጭስ ያልወጣበትን ቤት ለይታ ትመለስና ከዱቄቷ ሰፍራ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ልጇን ወደዚያ ትልካለች።