የቆርቆሮ ክዳን መቀየር

ክዳን መቀየር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለቆርቆሮው ነው፤ ለውፍረቱና ለቀለሙ። ቆርቆሮ ግን በመሃሉ እምብዛም አያፈስም። ውሃ የሚገባው በሚስማር ቀዳዳ፣ ሁለት ሉህ በሚደራረብበትና ክዳኑ ከግድግዳ ወይም ከጭስ ማውጫ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ሞገድ ያለውን ብረት እ.ኤ.አ. በ1829 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው። ሞገዱ ስሱን ብረት ስለሚያጠነክረው ሉሁ ብዙ ድጋፍ ሳይፈልግ ይዘረጋል። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከርን ዘዴ አስመዘገበ። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ይጠብቀዋል፤ ትንሽ ጭረት ቶሎ የማይዝገው ለዚህ ነው። ቀይ ዝገት በሰፊው ከታየ ግን ዚንኩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ቀለም መቀባት ለጥቂት ጊዜ ከማቆየት አያልፍም።

የሚያፈስ ክዳን ሁሉ መቀየር የለበትም። ጎማቸው የደረቀ ሚስማሮችን በመተካት ብቻ የሚድን ብዙ ነው። ኮርኒሱ ላይ የሚንጠባጠብበትና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አንድ አይደሉም፤ ውሃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚፈለገው ከነጠብጣቡ ወደ ጣሪያው አናት በመውጣት ነው።

መቀየሩ ከተቆረጠ በኋላ በወለል ስፋት ቆርቆሮ መግዛት ያሳስታል። ወለሉ 10 በ8 ሜትር፣ ታዛው በየአቅጣጫው 60 ሴንቲሜትር፣ ተዳፋቱ 20 ዲግሪ የሆነ ባለ ሁለት ወገን ጣሪያ እንውሰድ። ከአናቱ እስከ ታዛው ጫፍ በአግድም 4.6 ሜትር ቢሆንም በተዳፋቱ ሲለካ 4.9 ይሆናል፤ ርዝመቱ ከሁለቱ ጫፍ ታዛ ጋር 11.2 ሜትር ነው። ሁለቱ ወገን ሲደመር ወደ 110 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ወለሉ 80 ብቻ ሆኖ ሳለ። ከተደራረበ በኋላ 68 ሴንቲሜትር የሚሸፍን ሉህ ከሆነ በአንድ ወገን 17፣ በጠቅላላው 34 ያስፈልጋል። እያንዳንዱን በ5 ሜትር ርዝመት ማዘዝ ከተቻለ ከላይ ወደ ታች መደራረብ አይኖርም፤ አንድ የፍሳሽ ምንጭ ቀረ ማለት ነው። በጌጅ (በውፍረት መለኪያ ቁጥር) የሚሸጥ ቆርቆሮ ቁጥሩ ሲጨምር እንደሚሳሳ ማስታወስ ይገባል፤ ባለ 32 ጌጁ ከባለ 28ቱ ይሳሳል።

አሮጌው ሲነሳ በዕለቱ መልሶ መሸፈን የሚቻለውን ያህል ብቻ ይገለጣል፤ ሸራም በአቅራቢያ ይቀመጣል። አሮጌው ክዳን ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ሉህ ከሆነ ግን ሥራው ይቁም። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲሰበር ወይም ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ማንሳቱ ሥልጠናና መከላከያ ላላቸው ሰዎች ይተው።

እንጨቱ ራቁቱን የሚታይበት ሰዓት ከሥራው ሁሉ ይበልጣል፤ ዳግም እስኪገለጥ ዓመታት ያልፋሉ። ወራጁ (ተዳፋቱን ይዞ የሚወርደው እንጨት) እና ሞራሌው (በወራጁ ላይ ተጋድሞ ቆርቆሮው የሚመታበት) በካቻቢቴ ጫፍ እየተወጉ ይፈተሻሉ፤ በተለይ ታዛው ላይ፣ ግድግዳው ላይ ያረፉበት ቦታና በጭስ ማውጫ ዙሪያ። ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ ይቀየራል። ሞራሌው በየ90 ሴንቲሜትሩ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ለስስ ሉህ ርቀቱ ይጠባል። አዲሱን በአሮጌው ላይ መደረብ ይህን ፍተሻ ያስቀራል፤ በመሃል የታፈነው እርጥበትም አዲሱን ከሥር ይበላዋል።

የመጀመሪያው ሉህ በሲባጎ ይስተካከላል። በ5 ሜትር ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር ከዘመመ፣ በሌላኛው ጫፍ የታዛው መስመር ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ይዛነፋል። ማልበስ የሚጀመረው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ነው፤ የሚደረበው ሉህ ጠርዝ ነፋሱን እንዳይገጥም። ጎን ለጎን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሞገድ ይደራረባል። ከላይ ወደ ታች መደራረብ ግድ ከሆነ 15 ሴንቲሜትር፣ ተዳፋቱ ከ15 ዲግሪ ካነሰ 20 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ውሃ በሁለት ተጣባቂ ሉሆች መሃል ሽቅብ ይሳባልና።

ሚስማርም ሆነ ብሎን የሚመታው የሞገዱ ጉብታ ላይ ነው፤ ቦዩ ላይ ከተመታ ውሃው በቀዳዳው ላይ ይሄዳል። ብሎን ይመረጣል። የ5 ሜትር ሉህ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ከ2 ሚሊሜትር በላይ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ሚስማርን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ብሎኑ የሚጠብቀው ጎማው በትንሹ እስኪጨመቅ ነው፤ ከልክ ካለፈ ጎማው ይቀደዳል፣ ጉብታውም ይሰረጉዳል። ነፋስ ክዳንን የሚነቅለው ከላይ ወደ ሰማይ በመሳብ ስለሆነና ጉልበቱ በዳርና በማዕዘን ስለሚበረታ፣ በታዛውና በአናቱ ብሎኑ ይበዛል።

ቆርቆሮ በመቀስ እንጂ በግራይንደር አይቆረጥም። የጋለው ብናኝ ዚንኩን አቃጥሎ በየቦታው ይዝጋል። እርጥብ ሲሚንቶና ከመዳብ የሚወርድ ውሃም ዚንክ ይበላሉ። በሉሁ ላይ የሚራመድ ሰው ሞራሌ ካለበት የብሎን መስመር አይውጣ፤ ወገቡም በገመድ ይታሰር።

ክዳኑ ግድግዳ ሲገጥመው መጋጠሚያውን የሚሸፍነው የተጣጠፈ ላሜራ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠርዙም ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ መስመር ይገባል። ሲሊኮን ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐይ ያደርቀውና ይላቀቃል። ሉሁ ወደ አሸንዳው 5 ሴንቲሜትር ያህል ይዘልቃል፤ አሸንዳው በሜትር ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያዘቀዝቃል። ከላይ በተጠቀሰው ቤት 10 ሚሊሜትር ዝናብ ብቻ ከ1,000 ሊትር በላይ ያወርዳል።

አዲሱ ክዳን ዝናብ ሳይኖር በብርድ ማለዳ ከተንጠባጠበ ፍሳሽ አይደለም። ከቤቱ የወጣው እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ነው። መድኃኒቱ በታዛና በአናት የአየር መውጫ መተው፣ ከቆርቆሮው ሥርም እርጥበት የሚይዝ ንጣፍ መዘርጋት ነው፤ ንጣፉ ግን ሉሁ ከመመታቱ በፊት መታሰብ አለበት።