መብራት ሲደክም ምጣዱ ምን ይሆናል?
ደሴ ማታ ማታ መብራት ሲደክም «እንጀራው ለምን ዓይን አያወጣም?» የሚለው ጥያቄ አላልቅ አለ።

ቮልትን (የኤሌክትሪኩን ግፊት) በአምፔር (በሚፈሰው መጠን) ስታባዙ ዋት፣ ማለትም ኃይሉን ታገኛላችሁ። ቮልትን ለአምፔር ስታካፍሉ ደግሞ ኦም፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን።

ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል እንበል። 220 × 16 = 3520 ዋት፤ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም።

አሁን መብራቱ ደክሞ ከ220 ወደ 180 ቮልት ወረደ። ብዙ ሰው 180ን በ16 ያባዛል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው! አምፔሩም አብሮ ይወርዳል፤ ባለበት የሚቆየው ኦሙ ነው። 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፔር ገደማ። ኃይሉ 2360 ዋት አካባቢ ሆነ፤ ሲሶው ሄደ። ታዲያ እንጀራው ምን ያድርግ?

ኦሙ ሽቦው ሲግል በትንሹ ይለዋወጣል፣ ለምጣድ ግን ችላ በሉት። ፍሪጅ ሞተር ስላለው በዚህ ስሌት አይሄድም።