ልብስ አልብሱልኝ፦ ስለ አእምሮ ጤና አኒሜሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምሩ የአኒሜሽን ስክሪፕቶች «ባለሙያ ይየው» እየተባሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ትዕይንት ሳልከፍተው አውቀዋለሁ፦ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ጨርቁን የጣለ ሰው አስፋልት መሀል ብቻውን ያወራል። ርዕሱ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው እኮ!

«ካልታየ ለሕዝቡ አይገባውም» ይሉኛል ጸሐፊዎቹ። ድባቴ ይዟቸው ከሚመጡት ብዙዎቹ «ከፋኝ» እንኳ አይሉም። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። አንዲት እናት የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ከርማ ነው እኔ ጋ የደረሰችው። ሱቋን በሰዓቱ ትከፍታለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ከእድር አትቀርም። ያንን ራቁቱን የሚሄደውን ሰው ብታሳዩዋት «ተመስገን፣ እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም» ብላ ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ትገዛለች።

ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋን ልብስ አልብሱልኝ። ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን ሲያጠፋው ዝም ብላ ስታይ ሳሉ። የጎረቤቶቿን ድምፅ አርቁት፣ የክፍሉን ቀለም ቀስ እያላችሁ አደብዝዙት። ካሜራ የማይደርስበትን ውስጧን ለማሳየት ካልሆነ አኒሜሽን ለምን አስፈለገ? የዓለም ጤና ድርጅት ከደራሲና ሠዓሊው ማቲው ጆንስተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አጭር ፊልም ድባቴን በጥቁር ውሻ መስሎታል፤ የውሻው ባለቤት ግን እንደማንኛችንም ያለ ሰው ነው። ደግሞ ውሻውን እንዳለ ቀድታችሁ እንዳታመጡብኝ! እኛ ዘንድ ጥቁር ውሻ ሲያይ ርኩስ መንፈስ የሚታየው ተመልካች ሞልቷል።

«ካርቱን ለልጆች ነው»፦ ከልጆቹ ጋር ቲቪ ፊት የሚስቀውን አባወራ ጠይቁ።

«አኒሜሽን ርካሽ ነው»፦ አንድ ሰከንድ እስከ 24 ምስል ይበላል።

«ስለ ራስን ማጥፋት ማንሳት ሐሳቡን ያስይዛል»፦ ሰውን መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ጉዳት ያለው ዘዴውን ማሳየት ላይ ነው፤ በጥላም ቢሆን አትሳሉት።

«ጠበልን ካልነቀፍን ሳይንሳዊ አይሆንም»፦ ይሄኛው ደግሞ ያበሳጨኛል። የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱንም መውሰድ ይችላል። ጠበል ይዞት የሚሄደው ቤተሰብ ክኒኑንም የሚያስታውሰው ያው ቤተሰብ ነው፤ እሱን አስቀይማችሁ ማንን ልታስተምሩ ነው? የንስሐ አባቱ «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ሲሉት አሳዩ።

መጨረሻ ላይ «ባለሙያ ያማክሩ» ብላችሁም አታምልጡ። ሕክምናው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሴትዮዋ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጣ፣ ተራ ስትጠብቅ ሳሉ፤ ነርሷ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቷና ስለ ሐሳቧ የምትጠይቃትንም ጨምሩበት።