የሎሚ ሕግ ምንድን ነው?

ሎሚ ለእኛ ክፉ ትርጉም የለውም። ጥምቀት ሲደርስ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው ሻይ ላይ የሚጨመቅ መልካም ነገር ነው። አሜሪካኖች ግን ከፋብሪካው ሕመም ይዞ የወጣን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። የሎሚ ሕግ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ በዋስትና ጊዜው ውስጥ ደጋግሞ ቢያስጠግነውም ያልዳነለት ሰው፣ አምራቹ ኩባንያ ገንዘቡን እንዲመልስለት ወይም መኪናውን እንዲቀይርለት የሚያስገድድ ሕግ ነው። በዚህ ስም የሚታወቀውን ሕግ በ1982 እ.ኤ.አ. ቀድማ ያወጣችው የኮነቲከት ግዛት ስትሆን፣ ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው አላቸው።

እኔ ይህን ሕግ የተማርኩት ተቸግሬ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለዓመታት ቆጥቤ፣ ቀሪውን ከባንክ ተበድሬ፣ ቤተሰቤን በሙሉ የሚይዝ ቅንጡ የመስክ መኪና ገዛሁ። ሁለት ሺህ ማይል እንኳ ሳይነዳ አንድ ጠዋት ስወጣ የኋላው ወገን መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተንበርክኮ አገኘሁት። ሞተሩን ሳስነሣው ከሥር አንድ ነገር አጉረመረመ፤ መኪናውም ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቁመቱ ላይ ቆመ።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙዎቹ የሚቆሙት በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ነው። ከረጢቱ ወይም መገጣጠሚያው በጥቂቱ ሲተነፍስ መኪናው ሌሊቱን ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ የአየር መጭመቂያው መልሶ ይሞላዋል። መጭመቂያው ከልክ በላይ ስለሚሠራ እሱም በተራው ይቃጠላል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናውን እየነዱ ወደ ጥገናው ሲያደርሱት ሕመሙ የለም። ለአንድ ሰዓት አቁመው አይተው «ደህና ነው» ብለው ይመልሱታል።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጬ፣ ድሮ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ለነበራቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ወሰድኩት፤ ምንም የለውም ይሉኛል።»

«የሰጡህን ወረቀት አምጣ እስቲ። ለመሆኑ አንብበኸው ነው የፈረምከው?»

አላነበብኩትም ነበር። የጥገና ማዘዣው ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ ደንበኛው ያቀረበው አቤቱታ፣ የተገኘው መንስኤ፣ የተደረገው ጥገና። መኪናው የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የነዳው ማይልም እዚያው ላይ ይሰፍራል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ደንበኛው መኪናው ዝቅ ይላል ይላል፤ ችግሩ አልታየም» ተብሏል። ይህ ቢያንስ አቤቱታዬን መዝግቧል። ሁለተኛው ላይ የሰፈረው ግን የዘይት ቅያሪ ብቻ ነው። በእንግዳ መቀበያው ቆሜ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አሳይቼ የተናገርኩት ሁሉ ከወረቀቱ ላይ የለም። በሕጉ ዓይን ያን ቀን ስለ መኪናው መውረድ አላመለከትኩም ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የሎሚ ሕግ ጉዳይ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ቁጥሩ በየግዛቱ ይለያያል። በቨርጂኒያ መኪናው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ባሉት 18 ወራት ውስጥ ያው ብልሽት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ካልተስተካከለ፣ ወይም መኪናው በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ፣ ሕጉ ሎሚ ነው ብሎ ይገምታል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ጊዜው 24 ወራት ወይም 18,000 ማይል ነው፤ ሙከራውም አራት ይሆናል። ብዙ ወገኖቻችን አንዱ ግዛት ኖረው ሌላው ግዛት ስለሚገዙ፣ የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። መኪናውን የሸጠልንና የሚጠግንልን ድርጅት ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው፤ ዋስትናውን የሰጠው አምራቹ ነው፤ ለዋስትና ጥገና የሚከፍለውም እሱ ነው። ስለዚህ እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው ወጣት ጋር መጨቃጨቅ የትም አያደርስም። ደብዳቤ የሚጻፈው ለአምራቹ ነው፣ መድረሱ በሚረጋገጥበት አደራ ፖስታ። በቨርጂኒያ ሕግ አምራቹ ስለ ብልሽቱ በጽሑፍ ካልተነገረው፣ ከ15 ቀናት ያልበለጠ አንድ የመጨረሻ ዕድል ይሰጠዋል።

ጋሼ እንደ መከሩኝ በአራተኛው ጊዜ መኪናውን ከዋዜማው ወስጄ እዚያው አሳደርኩት። በማግስቱ ሳይነሣ በሜትር እንዲለኩት ጠየቅሁ፤ አቤቱታዬ በራሴ ቃል እስኪጻፍ ድረስም አልፈረምኩም። የኋላው በአንድ ሌሊት ስምንት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። መጭመቂያውን ቀየሩ፣ 11 ቀናት ፈጀ። በወሩ መልሶ ተንበረከከ፤ ከረጢቱ እስኪመጣ 21 ቀናት ቆመ። ሁለቱ ሲደመሩ 32 ናቸው። ደብዳቤውን የጻፍኩት የዚያኑ ዕለት ማታ ነው።

ገንዘቡ ሲመለስ ለተነዳበት ያህል ይቀነሳል። የካሊፎርኒያው ስሌት ግልጽ ስለሆነ እሱን ላሳይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብልሽቱ ሲወሰድ የነዳው ማይል ለ120,000 ተካፍሎ በዋጋው ይባዛል። በ60,000 ዶላር የተገዛ መኪና በ4,000 ማይል ላይ መጀመሪያ ከተወሰደ፣ የሚቀነሰው 2,000 ዶላር ነው። እንግዲህ «ትንሽ ልታገሰው» ብሎ መጀመሪያውን ጉብኝት ማዘግየት በቀጥታ ገንዘብ ያስከፍላል። የጠበቃ ዋጋም ሊያስፈራ አይገባም፤ በካሊፎርኒያም በቨርጂኒያም ባለ መኪናው ሲረታ ተገቢውን የጠበቃ ክፍያ የሚሸፍነው አምራቹ ነው።

መልሶ የተገዛው መኪና አይጣልም፤ ተጠግኖ ይሸጣል። በካሊፎርኒያ ሊብሬው ላይ በሎሚ ሕግ መመለሱ ይጻፋል፣ በግራው በር መቃን ላይም ምልክት ይለጠፋል። ያገለገለ ቅንጡ መኪና በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው ከመክፈሉ በፊት የሊብሬውን ታሪክ ያስመርምር።

የእኔን መኪና ሊወስዱ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ሌሊቱን ወርዶ፣ የኋላው ጎማ በአቃፊው ውስጥ ግማሽ ድረስ ገብቶ ነበር። ሠራተኛው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪነሣ ጠበቀ።