በድብርት ሕክምና «የታካሚ ምርጫ» ምንድን ነው?

«እርስዎ ያውቃሉ፤ ያሉኝን አደርጋለሁ።» ጨዋ መልስ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ክኒኑ ሳይነካ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ታካሚው ምርጫ ነበረው፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የታካሚ ምርጫ ማለት ሰውየው በምን፣ መቼና በማን መታከም እንደሚሻ፣ ምኑንም እንደሚፈራ ተናግሮ፣ ባለሙያው ይህን ከሕመሙ ክብደት ጋር አመዛዝኖ አብረው የሚወስኑበት አሠራር ነው። መካከለኛ ድብርት ላይ መድኃኒትና የንግግር ሕክምና በአማካይ ተቀራራቢ ውጤት ስላላቸው፣ ለመምረጥ በእርግጥ ቦታ አለ። የመረጡትን ያገኙ ታካሚዎች ሕክምናቸውን የማቋረጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሕመሙን ምን ያህል እንደሚያሻሽል ግን ውጤቱ ወጥ አይደለም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው እንውሰድ። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ማታ በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍና ሆድ ያደርቃል፤ ሌሊት ማሽን ፊት ለሚቆም ሰው አደጋ ነው። ሌላው የድብርት መድኃኒት ፍሉኦክሰቲን ጠዋት አንዴ 20 ሚሊ ግራም ይወሰዳል። ሊያቅለሸልሽ፣ እንቅልፍ ሊነሳ (ጫት ካለበት ይብሳል)፣ የወሲብ ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን አፍሮ የሚደብቅ ብዙ ነው፤ መድኃኒቱን ዝም ብሎ ያቆማል። የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ባለሙያው ያለው ደሴ ከሆነ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለሱ፣ የትራንስፖርቱ ወጪና የሥራ ፈቃዱ አብረው ካልተሰሉ ምርጫው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለሙያው «ምን ይፈልጋሉ?» ብቻ ቢል መልሱ ያው «እርስዎ ያውቃሉ» ነው። «ከዚህ በፊት ምን ሞክረዋል? ለምን አቆሙት? ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?» ይሻላል። አስታማሚው ስለ ታካሚው የሚመልስ ከሆነ፣ ለጥቂት ደቂቃ ታካሚውን ብቻውን ማነጋገር ያስፈልጋል። ጸበል የሚገባ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ክኒኑን እንዲተው ተነግሮት እንደሆነም በግልጽ ይጠየቅ፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። በረመዳን ፍሉኦክሰቲንን ሱሁር ላይ ማድረግ ቀላል ነው። «ሱስ ያስይዛል» ለሚል ስጋት መልሱ፦ ሱስ አያስይዝም፤ በድንገት ሲቆም ግን ሊያዞርና ሊያበሳጭ ስለሚችል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ምርጫው የሚጠብበት ጊዜም አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ምግብ መተው ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ካለ ሕክምናው አይዘገይም። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን መትቶ ሊገድል ስለሚችል፣ በጥቂቱ እየተሰጠ ቤተሰብ ያስቀምጠው። ቀደም ሲል ከልክ ያለፈ ደስታና ቁጣ፣ እንቅልፍ አልባ ጉልበት የታየበት ሰው የድብርት ክኒን ብቻውን ቢወስድ ያንን መልሶ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለውጥ ከሌለ ጥያቄው እንደገና ይከፈታል። ሲሻለው «አሁን በቃኝ» የሚለውም መደመጥ ያለበት ምርጫ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱን ማቆም እንዲታሰብ የሚለው ግን ምልክቶቹ ከጠፉ ከ9 እስከ 12 ወር በኋላ ነው።