አመክሮ፣ ይቅርታና የደም እርቅ በጎጃም

ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤቶች ስንቅ ይዘው ከሚመላለሱ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ይግባኝን፣ አመክሮንና ይቅርታን አንድ አድርገው ያያሉ። ይግባኝ «ፍርዱ ተሳስቷል» ማለት ነው። አመክሮና ይቅርታ ግን ፍርዱን ሳይነኩ የቀረውን ቅጣት ይመለከታሉ።

አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በገደብ መፈታት፣ የሚመራው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ነው። ፍርደኛው የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት መፈጸም አለበት። 18 ዓመት የተፈረደበት 12 ዓመት ሲሞላው፣ 25 የተፈረደበት 16 ዓመት ከ8 ወር ሲሞላው ማለት ነው። ጥያቄውን የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ወይም ፍርደኛው ራሱ ያቀርባል፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ስሌቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ነው፦ ሰውየው የተያዘበት ቀን በእስራት ማዘዣው ላይ ካልሰፈረ፣ ፍርድ ሲጠብቅ በእስር ያሳለፋቸው ወራት ሳይታሰቡለት ይቀራሉ። ስለዚህ ማዘዣው ገና እንደወጣ ቀኑን ማየት፣ ከሌለበትም ያኔውኑ ማሳረም ያስፈልጋል። ከዓመታት በኋላ መዝገብ ማፈላለግ መከራ ነው።

ጊዜ መሙላት ብቻ አይበቃም። ጠባዩ መታረሙ ይታያል፤ በተቻለው መጠን ተበዳዩን መካሱም ይጠየቃል። በጎጃም ከባዱ ይሄ ነው። በነፍስ ግድያ ጉዳይ የሟች ወገን ካልታረቀ የተፈታው ሰው አገሩ መግባት አይችልም፤ ደም መላሽ ይጠብቀዋል። ሽማግሌዎች በካህናት ታጅበው ሁለቱን ወገን ያቀራርባሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ ያማምላሉ። እርቁ ክሱን አያስቀርም። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ የሟች ቤተሰብና ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት ከፋይሉ ጋር ቢያያዝ ለአመክሮም ለይቅርታም ትልቅ ማስረጃ ነው። በቃል ብቻ የቀረ እርቅ ዳኛው ፊት አይደርስም፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ዋናው ሥራ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

በአመክሮ የወጣ ሰው እንደ ቀሪው ቅጣት ከ2 እስከ 5 ዓመት፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ከነበረ ከ5 እስከ 7 ዓመት በፈተና፣ ማለትም ጠባዩ እየታየ፣ ይቆያል።

ይቅርታ የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ይመራል፣ የሚሰጠውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ቅጣቱን ያነሳል ወይም ያቀላል እንጂ ጥፋተኝነቱን አይፍቅም፤ የሚፍቀው ምሕረት ነው። እንደ ዘር ማጥፋት ያለ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ግን በይቅርታም በምሕረትም አይታለፍም፤ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለወጥ ግን ይችላል። ማንኛውም የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም።